«እስከ ነገ» ያልነው ሽቦ

አሮጊቷን ጎትተው ያመጡልኝ ረፋዱ ላይ ነበር።

አሮጊቷ የምንላት ፒክአፕ ናት። ከእኔ ጋር ስንተዋወቅ ቀለሟ ሰማያዊ ነበር፤ ኋላ ሰማያዊ ትሁን ግራጫ የሚፈርድ ጠፋ። ጡብና አሸዋ ተሸክማ ተሸክማ ወገቧ ጎብጧል። የዚያን ዕለት ደግሞ ግራ ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ የፊት መስታወቷ ተሰነጣጥቆ መጣች። ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ፊት ለፊት፣ መስታወቱ ላይ፣ የልጅ ጭንቅላት የምታክል ክብ ስንጥቅ አለች። መሐሏ ላይ ሁለት ሦስት ዘለላ ፀጉር ተይዟል። አየሁና ዓይኔን መለስኩ።

ወሬው ቀድሞ ደርሶኝ ነበር። በዋዜማው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ትልቁ፣ የሰባት ዓመት ልጁን ሚጣን ጎኑ አስቀምጦ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ሁለቱም የፊት መብራቶች ባንዴ ድርግም አሉበት። መታጠፊያው አመለጠውና ከግንቡ ጋር ተላተመ። እሱ ግንባሩ ተጫረ። ሚጣ ግን ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ዓይኗን አልገለጠችም።

ትልቁ ስል የአሮጊቷን ባለቤት ነው፤ የግማሿን ባለቤት ልበል እንጂ። አባታቸው ሲሞት እሷን ለሁለት ወንዶች ልጆቹ ትቷት ሄደ። ታላቁን ሰፈሩ ሁሉ «ትልቁ» ይለዋል፤ በዕድሜው ብቻ አይደለም፣ ጎንበስ ሳይል የሚያልፍበት በር የለም። ታናሹ «ቴፑ» ነው። በአፍላነቱ አንድ የመኪና ቴፕ ከየትም ብሎ አምጥቶ አሮጊቷ ላይ ካስገጠመ ወዲህ ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። ዘፈን ሳይከፍት ማርሽ አያስገባም። አባታቸው ጓደኛዬ ስለነበር ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ «ጋሼ» ብለው፣ «እርስዎ» ብለው ነው የሚጠሩኝ።

ትልቁ የመጎተቻውን ገመድ ፈታ፤ ጎታቹን አሰናበተ፤ የጋራዤን የቆርቆሮ በር ከውስጥ ቀረቀረው። ግንባሩ ላይ ያለውን ፕላስተር ደም አርሶታል። እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል።

«ልጅቷስ? እንዴት አደረች?» አልኩት።

«ሽቦዋን ይፈትሹልኝ ጋሼ።»

«እሱስ ይደርሳል። ሚጣ እንዴት...»

«ሽቦዋን ይፈትሹልኝ አልኩ እኮ!»

አጠገባችን ብረት ቤት አለ፤ መፍጫው ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ይውላል። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ሰው ቢጮህ ጎረቤት የሚሰማው ሲያዛጋ መስሎት ነው።

ኮፈኑን ልከፍት ስጠጋ በሩ ተንኳኳ።

«ጋሼ! እኔ ነኝ፣ ይክፈቱልኝ። አሮጊቷ እዚህ ናት አሉኝ። ሚጣ ነቃች?»

ቴፑ ነው። ልጆቼ፣ ይህችን ልብ በሉልኝ፤ በገዛ እግሩ ነው የመጣው። ክፉ የሠራ ሰው በገዛ እግሩ አይመጣም፤ ቢመጣም አያንኳኳም። ይህን አስቤ ሳልጨርስ ትልቁ በሩን ከፍቶ በኮሌታው ሳበውና አንድ ጊዜ አፍንጫው ላይ አሳረፈበት። የአፍንጫ አጥንት ሲሰበር ደረቅ ጭራሮ ሲቀነጠስ ይመስላል። ቴፑ እጁን እንኳ አላነሳም። ግራ እንደገባው ሰው ወንድሙን እያየ መሬት ላይ ዘጭ አለ። ትልቁ ጎትቶ ከጣሪያው ምሰሶ ጋር አስጠጋውና፣ አሮጊቷ በተጎተተችበት ገመድ ጠምጥሞ ጠምጥሞ አሰረው።

«ምን አደረግኩህ ወንድምጋሼ?»

«ትናንት ከሰዓት ዳሽቦርዱ ሥር ገብተህ በቢላ ምን ስትቆርጥ ነበር?»

«ቴፔን ነዋ! አንሸጣትም ካልክ የራሴን ይዤ እሄዳለሁ አላልኩህም?»

«ይቺ መኪና አንድ ቀን ትገድልሃለች አላልከኝም? እናታችን ፊት?»

«ስላረጀች ነው! እንሽጣት ብዬ ነው!»

ትልቁ ወደ ጋቢናው ሄዶ ከወንበሩ ጀርባ የጎማ መፍቻውን አወጣ። ክንድ የሚያህል ብረት ነው። በእጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ መዘነውና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ። እርስዎ ይፈትሻሉ፣ እኔ እጠብቃለሁ። መብራቱ የጠፋው ሽቦው በራሱ አልቆ ከሆነ ይሄ ልጅ በእግሩ ይወጣል። የሰው እጅ ገብቶበት ከሆነ ግን ከዚህ ቤት ሬሳው ነው የሚወጣው።»

«ኧረ እግዜርን ፍራ አንተ ልጅ!»

«ትናንት እግዜር ጋቢና ውስጥ አልነበረም። እኔና ልጄ ብቻ ነበርን። ይጀምሩ።»

የማደርገው ጠፋኝ። ትልቁን በጉልበት አልችለውም፤ ያኔ ሃምሳ አምስት አልፎኛል። በሩን መልሶ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቷል። የቀረኝ የማውቀው ሥራ ብቻ ነው። ፈትሼ እውነቱን ካገኘሁ ልጁ ይድናል ብዬ መሞከሪያ አምፖሌን አነሳሁ። መሞከሪያ አምፖል ማለት ትንሽ አምፖል ናት፣ ሁለት ሽቦ ያላት። አንዱን ጫፍ ከመኪናው አካል፣ አንዱን ከምትጠረጥረው ሽቦ ታስነካለህ፤ ኃይል ካለ ትበራለች፣ ከሌለ ዝም ትላለች። ዋሽታ አታውቅም።

አንድ የሥራ ልማድ አለብኝ፤ ስሠራ የማገኘውን በአፌ እጠራለሁ። ያስተማረኝ ጌታዬ እንዲህ አስለምዶኝ ነው፤ «ያገኘኸውን ጥራው፣ ሁለት ጊዜ እንዳትፈልገው» ይለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለብቻዬ ሳወራ ኖሬያለሁ፤ ሚስቴ እንኳ ጋራዥ ስትመጣ «ከማን ጋር ነህ?» ትለኛለች። ያን ቀን ግን አንደበቴ ጠላቴ ሆነ።

የተጨማደደውን ኮፈን በብረት ፈልቅቄ ከፈትኩት። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ባትሪው ላይ ነው።

«ማሳው ወልቋል» አልኩ። ማሳ የምንለው ከባትሪው ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ነው።

ከኋላዬ የሰማሁት ብረት ሥጋ ላይ ሲያርፍ ነው። ዞር ስል ቴፑ ሆዱ ላይ ታጥፎ፣ ገመዱ ብቻ ይዞት ተንጠልጥሏል። አፉ ተከፍቷል፤ ትንፋሹ ግን አይገባም አይወጣም።

«ፈታው! አየህ ፈታው!» ይላል ትልቁ፣ ማንን አየህ እንደሚል እንጃ።

«ጎታቹ ነው የፈታው!» ብዬ ጮህኩ። «እሳት እንዳይነሳ ብሎ! የተጋጨ መኪና ሲጎተት ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው! አጠገቡ ቆመህ አላየኸውም?»

ትልቁ ቆም አለ። እንዳየው ትዝ አለው መሰለኝ፣ አንድ አፍታ ብረቱ ዝቅ አለ። ይቅርታ ግን አላለም።

«ይቀጥሉ» አለኝ።

ማሳውን አሰርኩ። ባትሪው ላይ አምፖሌን አስነካሁ፤ በራች። ባትሪው ደህና ነው። ከንፈሬን ነክሼ ወደ ጋቢናው ገባሁና ዳሽቦርዱ ሥር በጀርባዬ ተኛሁ። የመኪናው ቴፕ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ጥርሱ የወለቀ ድድ ይመስላል። ከባዶው ውስጥ ሁለት ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል።

«ቀይና ጥቁር፣ የተቆረጠ» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ልመልሰው ብል ከየት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት ይሄ ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር ተስፈንጥሬ ስወጣ ራሴን ተጋጨሁ፤ ሳልደርስ ብረቱ ወረደ። የመታው ጉልበቱን ነው። ቴፑ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም፤ ከብረት ቤቱ መፍጫ ጋር አንድ ድምፅ ሆኖ ተቀላቀለ። ትልቁ ደገመው። ሲደግመው አንድ ነገር ተቀጨ።

«የቴፑ ሽቦ ነው! ስማኝ አንተ! የሙዚቃው ሽቦ!» ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ። በአንድ እጁ ገፋኝና ጎማዎች ላይ ወደቅኩ። «ጫፍ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሎታል! ሰው ሊገድል የሚቆርጥ ሰው ጫፉን ይጠቀልላል እንዴ? ደግሞ ይሄ ከመብራቱ ጋር አይተዋወቅም! መንገዱ ሌላ ነው!»

«አይተዋወቅም?» አለ ትልቁ እያለከለከ። ከአፉ አረፋ ይወጣል። «እኔና እሱስ እንተዋወቃለን?»

ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ ጥርሴን ገጥሜ መሥራት ጀመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ከብዶኝ የሠራሁት ሥራ የለም። የእኔ እያንዳንዷ ቃል የምታርፈው በዚያ ልጅ ገላ ላይ ነው። ሳልተነፍስ ወደ ፊውዙ ሄድኩ፤ አምፖሌ ዝም። ወደ መብራቱ ማብሪያ ሄድኩ፤ በመግቢያው በኩል አስነካሁ፤ ዝም። ባትሪው ላይ አለ፣ ማብሪያው ላይ የለም። እንግዲህ የጠፋው በሁለቱ መሐል፣ ከሞተር ወደ ጋቢና በሚያልፈው ሽቦ ላይ ነው።

«ምነው ዝም አሉ?» አለኝ ትልቁ። «ሲያወሩ አልነበር?»

«እየፈለግኩ ነው።»

«ያገኙትን እየደበቁኝ እንዳይሆን።» ብረቱን ከቴፑ አገጭ ሥር አስገብቶ ፊቱን ቀና አደረገው። አንዱ ዓይኑ ከእብጠቱ ጋር ተደፍኗል።

ቴፑ በደማ አፉ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ያ ልጅ ሁልጊዜም ቀልድ ሳይጨምር ነገር አይጨርስም። «ጋሼ» አለ፣ ቃሉ እየተንኮላተፈ፤ «ቶሎ ይበሉ እንጂ። እኔ'ኮ ፊውዝ አይደለሁም፣ መለዋወጫ የለኝም።»

ትልቁ በጥፊ አጮለው። ጥርስ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለች፤ ከእግሬ ሥር መጥታ ቆመች።

ሽቦውን በጣቴ ይዤ ከባትሪው ጀምሬ ተከተልኩት። ዓይን በማያይበት ጣት ነው የሚያየው። በሞተሩ ጎን ያልፋል፣ ከፍሬን ዘይቱ ዕቃ ጀርባ ይዞርና ወደ ጋቢናው በምታሳልፈው ቀዳዳ ይገባል። ከቀዳዳዋ በፊት ጣቴ አንድ ለስላሳ ነገር ነካ። ላስቲክ ነው። ከላስቲኩ በላይ ክር።

ልጆቼ፣ ያቺን ክር ጣቴ ያውቃታል።

የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ ሽቦ ላይ የምጠመጥም፣ በላዩ ሰም የተቀባ የጫማ መስፊያ ክር የማስርበት እኔ ነኝ። ሦስት ዙር፣ አንድ ወደ ውስጥ፣ አንድ ወደ ኋላ። ይህቺን ቋጠሮ ያሳየኝ ጌታዬ ነው፤ ከሞተ ቆየ። ከእኔ በቀር የሚያስራት ሰው አላውቅም።

ወዲያው ታወሰኝ። ከዚያ ቀን አሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። አባታቸው ጡብ ጭኖ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ መንገድ ዳር ቆሞ አስጠራኝ። ሽቦዋ ተቃጥላ ነበር። የተቃጠለውን ቆርጬ ጣልኩና ሁለቱን ጫፍ በእጄ ገመድኩት። ሊድ አቅልጬ መበየድ ነበረብኝ፤ እዚያ ሜዳ ላይ ኤሌክትሪክ የለም። ጠመጠምኩ፣ አሰርኩ። መብራቱ በራ። «እስከ ነገ ያድርሰን» አልኩት። «ነገ አምጣትና በደንብ እበይድልሃለሁ።» አባታቸውም «ነገማ የት ይሄዳል» ብሎ ሳቀ። ነገ መጣ፤ አሮጊቷ ግን አልመጣችም። ከዚያ ወዲህ ስንቴ ኮፈኗን ከፍቻለሁ፤ ባትሪዋን ቀይሬያለሁ፣ አምፖሏን ቀይሬያለሁ። እጄን ወደዚያች ቀዳዳ አንድ ቀን አልሰደድኩም። የሚሠራ ነገር አይነካም እያልን።

አሁን ሽቦው ከላስቲኩ ውስጥ ሾልኮ ወጥቷል። በቁልቁለቱ መንገጫገጭ የመጨረሻዋ ግምድ ለቀቀች ማለት ነው። ሚጣን ከመስታወቱ ጋር ያጋጨኋት እኔ ነኝ።

ፒንሳዬ በሌላው እጄ ነበር። ክሩን ቀንጠስ፣ ላስቲኩን ወደ ኪስ፤ ማንም አያውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፒንሳውን ወደ ክሩ አስጠግቼው ነበር።

«ምንድነው እሱ?» ትልቁ ከትከሻዬ በላይ ቆሟል። የሽቦውን ጫፍ አየው። የመዳብ ክሮቹ ጫፋቸው እኩል ነው፤ ያኔ በፒንሳ ስለቆረጥኩት። «ተቆርጧል» አለ፣ በቀስታ። ያ ቀስታው ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራኝ። ዞሮ ወደ ምሰሶው መራመድ ጀመረ።

«ቆይ! ቆይ ልጄ! ቋጠሮውን እይ!» ላስቲኩን ከነክሩ ከሽቦው ላይ ሳብኩና ከኋላው ሮጥኩ። «እይ፣ አልተፈታም! ሰው ነክቶት ቢሆን ክሩ ይፈታ ነበር፣ ወይ ይበጠስ ነበር። ሽቦው ነው ከውስጡ የሾለከው! አቧራውን እይ፣ የስንት ዓመት ዘይት እንደጠጣ እይ! ማንም አልነካውም!»

ተቀበለኝ። በጣቱ አገላበጠው። ቋጠሮው ላይ ያለውን ጥቁር ዘይት በጥፍሩ ፋቀው። ሲያስብ ፊቱ እንደ ልጅነቱ ይሆናል።

«ማን ነው ያሰረው?»

እጄን በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ።

«ጋሼ። ይቺን ማን ነው ያሰራት?»

«አባትህ» አልኩ።

ፈራሁ፣ ልጆቼ። ሙታን አይደበደቡም ብዬ ነው። ያቺ ውሸት ከአፌ ስትወጣ ግን የትልቁ ፊት ተዘጋ።

«አባቴ?» አለ። «አንድ ቀን ሶኬት ከያዘው ወዲህ አምፖል ቀይሮ የማያውቀው አባቴ? እናቴን ወንበር ላይ አቁሞ አምፖል ያስቀይራት የነበረው?» ላስቲኩን ኪሱ ከተተው። «ትዋሸኛለህ። ለዚህ ብለህ ትዋሸኛለህ። ሁለታችሁም አንድ ናችሁ።»

እስከዚያች ደቂቃ አንተ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ብረቱን በሁለት እጁ አግድም ይዞ የቴፑን ጉሮሮ ከምሰሶው ጋር ተጫነው። በመላ ሰውነቱ ነው የተጫነው። ቴፑ ድምፅ እንኳ አላወጣም። ያልተሰበረው እግሩ ብቻ ሲሚንቶውን ይደበድባል፣ ይደበድባል። ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ጠቆረ። ትልቁ ጀርባ ላይ ዘልዬ ፀጉሩን ያዝኩት፣ ጆሮውን ነከስኩት፤ ግንብ የነከስኩ ያህል ነው። የቴፑ እግር መምታቱን እየቀነሰ መጣ።

ወደ ጠረጴዛዬ ሮጥኩ። መሳቢያውን ስስበው ከነዕቃው ተደፋ። ከሚስማሩ መሐል የክሩን ጥቅልል አነሳሁ።

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ነኝ ያሰርኳት! ያውልህ ክሩ! እየው!»

አልሰማም። ወይ ሰምቶ አላመነም። ጥቅልሉን ፊቱ ላይ ደቀንኩበት፤ ሰሙ ሲሸተው ዓይኑ ወደ እኔ መጣ።

«እሰራት» አለ። «አሁን እሰር። ልየው።»

ብረቱን ከጉሮሮው አላነሳም፣ ትንሽ ላላ ብቻ አደረገው። ቴፑ አየር ሲስብ እንደ አሮጌ ቧንቧ ጮኸ። እኔም ክሩን በጥርሴ ቆርጬ እዚያው ብረቱ ላይ፣ በትልቁ ሁለት እጆች መሐል ማሰር ጀመርኩ። ሦስት ዙር። አንድ ወደ ውስጥ። አንድ ወደ ኋላ። ሳብ። የቴፑ ደም እጄ ላይ ይንጠባጠባል፣ ክሩ ያዳልጣል። አጥብቄ አሰርኩት፤ ከዚያ በላይ ያማረ ቋጠሮ አስሬ አላውቅም።

ትልቁ ላስቲኩን ከኪሱ አውጥቶ ከጎኑ ያዘው። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ሁለቱ መንታ ናቸው።

«አባትህ ቆሞ ነበር» አልኩት። «ዝናብ ነበር። እስከ ነገ ያድርሰን አልኩት። በነጋታው አልበየድኩትም። ወንድምህ ምንም አያውቅም። ሚጣን እዚያ ያስተኛኋት እኔ ነኝ።»

መፍጫው በዚያች ደቂቃ ቆመ። የቴፑ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«በየትኛው እጅህ ነው ያሰርከው?» አለኝ።

ሁለቱን እጄን አየሁ። ውሸት በቃኝ ብዬ ቀኙን አሳየሁት።

አንጓዬን ይዞ ወደ አሮጊቷ ወሰደኝ። እየጎተተኝ አይደለም፤ አብሬው ሄድኩ። እጄን ከጎማዋ በላይ፣ የቀኝ ፓራፋንጎዋ ላይ ዘረጋው። ብረቱ ሲነሳ መሐሉ ላይ ያሰርኳትን ክር አየኋት። የመጀመሪያው ምት አልተሰማኝም፤ የቆርቆሮውን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። ሁለተኛው ተሰማኝ። ሦስተኛውን አላውቀውም፤ ከጎማው ሥር ወድቄ ነበር።

ቀና ስል ትልቁ ብረቱን ጥሎታል። የገዛ እጁን የሰው እጅ ይመስል ያየዋል። ከዚያ ወደ ምሰሶው ሄዶ ገመዱን መፍታት ጀመረ፤ ራሱ ያሰረውን መፍታት አቃተው። «ፒንሳ» አለ፤ «ፒንሳ የታለ ጋሼ?» እንደ ሕፃን ያለቅሳል። በእግሬ ገፋሁለት። ቆርጦ ፈታው።

ቴፑ በአንድ እግሩ ቆመ። ምሰሶውን ይዞ ቆየ፤ ጎንበስ አለና የጎማ መፍቻውን ከመሬት አነሳ። ትልቁ አልሸሸም። ወደ አሮጊቷ ተመልሶ የእኔ ደም ባለበት ቦታ ላይ እጁን ዘረጋ።

«ምታ» አለው።

ቴፑ እየዘለለ መጣ። ብረቱን እስከ ጣሪያው አነሳ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። የተሰማው የመስታወት ድምፅ ነው። ስገልጥ የአሮጊቷ የቀኝ መብራት ረግፏል፤ ከወንድሙ እጅ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሎ። ቴፑ ብረቱን እዚያው መብራቱ ጎድጓዳ ውስጥ ጥሎት፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ሄደ። የበሩን ቁልፍ ትልቁ ነው ከኪሱ አውጥቶ፣ ሳይተያዩ፣ የከፈተለት።

እኔን ሆስፒታል ያደረሰኝ ትልቁ ነው፤ በጀርባው አዝሎ። ሚጣ ያለችበት ሆስፒታል ነው፤ ከእሷ ክፍል ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ ሲመላለስ ዋለ። ሐኪሙ እጄን እያገላበጠ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ።

«ኮፈን ወደቀብኝ።»

«ኮፈን ሦስት ጊዜ ይወድቃል አባቴ?»

«አሮጌ መኪና ናት» አልኩት።

ክሰስ ያሉኝ ብዙ ናቸው። ምን ብዬ ልክሰስ?

ሚጣ በአራተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። ራሷ በፋሻ ተጠምጥሞ፣ በቀጭን ድምፅ መጀመሪያ የጠየቀችው ውሃ ነው። ሁለተኛ አጎቷን ነው። «ቴፑስ?» አለች። ትልቁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ወር ያህል ቆይቶ፣ እጄ በጀሶ ታሽጎ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ ቴፑ በምርኩዝ መጣ። አፍንጫው ጠሟል። በብብቱ የያዘውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አዲስ የፊት መብራት ነው።

«ይግጠሙላት» አለኝ።

«ለእሱ?»

«ለሚጣ። በዚህች መኪና ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው።» በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «ያቺን ሽቦም ይበይዱልኝ ጋሼ። ዛሬ።»

የዚያኑ ዕለት ትልቁን አስጠርቼ በግራ እጄ በየድኳት። እሱ ሽቦውን ያዘልኝ፣ እኔ ሊዱን አቀለጥኩ። ግራ እጅ ልምድ የለውም፤ ሁለት ጊዜ ጣቱን አቃጠልኩት፤ አልተነፈሰም። መብራቱንም ገጠምኩ። ብርሃኑ ወደ ላይ አየ። ትልቁ «ይበቃል፣ ሌላ ቀን ይስተካከላል» ሲል የመኪናዋን ቁልፍ ወስጄ ኪሴ ከተትኩት፤ ግድግዳው ላይ ብርሃኗን እያስተያየሁ አራት ጊዜ ፈትቼ አራት ጊዜ እስካስተካክላት ድረስ አልሰጠሁትም።

ወንድማማቾቹ እስከ ዛሬ ፊት ለፊት አይነጋገሩም። ቴፑ ያነክሳል፤ የእኔም ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። አሮጊቷ ግን አለች። አልፎ አልፎ ትመጣለች። ዳሽቦርዱ ሥር ያ ባዶ ቦታ እንዳለ ነው፤ ቀይና ጥቁሩ ሽቦ ጫፋቸው እንደተጠቀለለ ተንጠልጥለዋል። አንድ ቀን እንቅፋት እንዳይሆኑ ልቁረጣቸው ብል ትልቁ ክንዴን ያዘኝ።

«ይተዉዋቸው፣ የእሱ ናቸው» አለ። «ኃይል አላቸው?»

አምፖሌን አስነካሁ። በራች።

«አላቸው» አልኩት። ያገኘሁትን በአፌ ስጠራ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።